ዴድላይን ለሚያስጨንቃችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሠላሳ ዓመት ያህል በጋዜጣ አርታኢነት ሠርቻለሁ። «ዴድላይን» የምትለዋን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። እናንተም ምሳ ዘላችሁ፣ እንቅልፍ አጥታችሁ «ዴድላይን ደርሶብኝ ነው» ትላላችሁ። የቃሉን አመጣጥ ብታውቁ ጭንቀታችሁ ትንሽ ቀለል ይል ይሆናል ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ቃል በቃል «የሞት መስመር» ማለት ነው። እውነትም የሞት መስመር ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ የደቡቡ ጦር ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል ላይ የምርኮኞች ካምፕ ከፈተ። ዙሪያው በረጃጅም ግንዶች የታጠረ ነው። ከግንዱ አጥር ስድስት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር አለ። ያንን ያለፈ ምርኮኛ፣ ማማ ላይ ያለው ዘብ ተኩሶ ይጥለዋል። ዴድላይን ያሉት ይህንን አጥር ነው። 45 ሺህ ያህል ሰው እዚያ ታጉሯል። ወደ 13 ሺህ የሚጠጋው ሞቷል፤ አብዛኛውን የጨረሰው ረሃብና በሽታ ነው። የካምፑ አዛዥ ሄንሪ ዊርዝ በ1865 ዋሽንግተን ላይ ተሰቀለ።

ቃሉ ግን አልሞተም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ጽሑፍ የሚዘጋበትን ሰዓት በዚሁ ስም ጠሩት። ለእኛም በዚያው መንገድ ደረሰን።

እነዚያ ምርኮኞች መስመሩን ካሰመረው ሰው ጋር መነጋገር አይችሉም ነበር። እናንተ ትችላላችሁ። እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ለቅዳሜ እትም አንድ ዘገባ ላደርስ ቃል ገባሁ። እንደማይደርስ ረቡዕ ዕለት አውቄዋለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። ዓርብ ማታ ገጹ ባዶውን ቀረ። አለቃዬ አልጮኸብኝም። «ረቡዕ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብቻ አለኝ። ያቺ ጥያቄ እስካሁን ታመኛለች።

የኛ «ቀነ ገደብ» የሚለው ቃል ደስ ይለኛል። ገደብና ግድብ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ግድብ ደግሞ የሚገድል ሳይሆን ውሃ የሚጠራቀምበት ነው። ከቀነ ገደብም ጀርባ ሥራውን የሚጠብቅ ሰው አለ። ሥራ ስትቀበሉ «ማን እየጠበቀው ነው? ቢዘገይስ ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቀኑ ሁለት ሦስት ቀን ይገፋላችኋል። ካልተገፋም ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

አሁን እጃችሁ ላይ በቀኑ የማይደርስ ሥራ ካለ፣ እስከ ማታ አትጠብቁ። ደውሉ።