የእስር ማዘዣ በይርጋ ይቀራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። በ2025 የተፈረደብኝን የ60 የቀን ተመን (በቀን ገቢ ልክ የሚሰላ የመቀጮ መለኪያ) መቀጮ ስላልከፈልኩ የእስር ማዘዣ ወጥቶብኛል። ዝም ብል ጊዜው ያልፍበታል?

መልስ፦ ይርጋው (ቅጣቱን ማስፈጸም የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) የሚቆጠረው በማዘዣው ሳይሆን በቅጣቱ ላይ ነው። ከ30 የቀን ተመን በላይ ለሆነ መቀጮ፣ ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ ጀምሮ 5 ዓመት ነው። ከ1 ዓመት በላይ እስከ 5 ዓመት ለሚደርስ እስራት 10 ዓመት ሲሆን፣ ዕድሜ ልክ ግን ይርጋ የለውም።

እባክዎ አይደበቁ፤ አየር ማረፊያ ላይ በፓስፖርት ፍተሻ ሊያዙ ይችላሉ። ሁለት የቀን ተመን በአንድ ቀን እስር ስለሚተካ 30 ቀን ይታሰራሉ። ዛሬውኑ የመዝገብ ቁጥርዎን ጠቅሰው ለዓቃቤ ሕጉ ቢሮ ይጻፉ፤ የገቢ ማስረጃ አያይዘው በየወሩ ከፋፍለው ለመክፈል፣ ካልቻሉም ያለ ክፍያ በሚሠራ የሕዝብ አገልግሎት ሥራ ለመተካት ይጠይቁ። ክፍያው በተራዘመበት ጊዜ ይርጋው አይቆጠርም።