ኳሷን ከማስበሳትህ በፊት ዛቢያህን እወቅ

«ወንድሜ ከዳላስ ያልተበሳ የቦውሊንግ ኳስ ላከልኝ። ፒኑ (ላዩ ላይ ያለችው ባለቀለም ነጥብ) ከጣቶቹ ቀዳዳ በላይ እንዲሆን ካስበሳኸው ሲንከባለል ወደ ጎን በጣም ይታጠፋል አሉኝ፤ እውነት ነው? አዳማ ቶርኖ ቤት ይበሱልኛል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ እኔም አዳማ ነኝ፣ ይህንኑ አድርጌ ጉዴን አይቻለሁ። ረዘም ቢል ታገሠኝ።

የመጀመሪያ ኳሴን ያስበሳሁት እዚሁ ቶርኖ ቤት ነው። ልጁ እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ ኳስ ክብ ናት፣ ሞርሳ አይዛትም። የባጃጅ ጎማ አስተኝተን እላዩ ላይ አስቀመጥናት። እኔ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኳት፣ እሱ ትራፓኖውን አወረደ። (አንተ እንዳታደርገው። አሁን ልጁ ከጣውላ መያዣ ሠርቷል።) ልኩን የገለበጥኩት ከቪዲዮ ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ወጣን፣ ወረወርኳት። ቀጥ ብላ ሄደች። ደገምኩ። አሁንም ቀጥ! ከኪራይ ኳስ በምን ተሻለች?

ቤት ገብቼ ቪዲዮውን እንደገና አየሁት። ለካ ሰውዬው ግራኝ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርህ፣ ያንተም መልስ እዚህ ውስጥ አለ። ኳሷ ሆድ ውስጥ ኮር የሚሉት ከባድ እምብርት አለ፤ አንዳንዱ አምፖል ይመስላል። ላይዋ ላይ ያለችው ባለቀለም ነጥብ፣ ፒን የሚሏት፣ የኮሩን አናት ነው የምታሳየው። ሌላኛዋ ነጥብ ግን ከፋብሪካ አትመጣም፣ ያንተው ናት። ኳሷን ስትለቃት የምትሽከረከርበት ዛቢያ ጫፍ ናት፤ ተጫዋቾቹ ፒ ኤ ፒ ይሏታል። በቀኝ እጁ ለሚወረውር ከጣት ቀዳዳዎቹ መሃል በስተቀኝ 5 ኢንች አካባቢ ላይ ትገኛለች፣ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የአበሳሱ ትልቁ ጉዳይ በሁለቱ ነጥቦች መሃል ያለው ርቀት ነው።

የኳሷ ዙሪያ 27 ኢንች ገደማ ነው፣ ሩቡ 6 3/4። ፒኑ ዛቢያው ላይ ቢያርፍ ወይም 6 3/4 ቢርቅ ኮሩ ተረጋግቶ ይዞራል። ኳሷም ሌይኑን (የምትንከባለልበትን ዘይት የተቀባ ወለል) የምትነካው በአንድ መስመር ብቻ ነው፣ ያ መስመር ደግሞ ዘይት ጠጥቷል፣ አይነክስም። ርቀቱ 3 3/8 ሲሆን፣ በኛ 8 ሳንቲም ተኩል ገደማ፣ ኮሩ ይናጣል። በየዙሩ ዘይት ያልነካው የኳሷ ገላ ሌይኑን ያገኛል፣ ያኔ ነክሳ ትታጠፋለች። እኔ የፈለግኩት 3 3/8ን ነበር። የግራኙን ልክ እንዳለ ስለቀዳሁ ፒኔ ወደ ተቃራኒው ሄደ። ሜትር አውጥቼ ስለካው ከዛቢያዬ ከ6 ኢንች ተኩል በላይ ርቋል። የዘይቱ ቀለበቶችም ይመሰክራሉ፦ የጓደኛዬ ኳስ ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተበትነዋል፣ የኔ ላይ ተደራርበው አንድ ወፍራም ክር ሆነዋል።

ወደ «ከጣት በላይ» እንምጣ። ፒኑ ከጣቶቹ በላይ ሲሆን ኳሷ ገፍታ ትሄድና ዘግይታ፣ ሰበር ብላ ትታጠፋለች። ከታች ሲሆን ቀደም ብላ፣ ለስለስ ብላ። ስለዚህ ነገሩ «ብዙ ይታጠፋል» ሳይሆን «የት ይታጠፋል» ነው። ደግሞ ከአበሳሱ ይልቅ የሚወስነው ቆዳዋ ነው። በ500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የተፈተገች ኳስና በ4000 የለሰለሰች ኳስ፣ አበሳሳቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ እህትማማች አይመስሉም። እኛ የምንጫወትበት ሌይን ዘይቱ ቶሎ ይደርቃል። እዚያ ላይ 3 3/8 አድርገህ ሸካራ ኳስ ብትወረውር መሃል መንገድ ላይ ተጣጥፋ ትቀርብሃለች። እኔ ብሆን ከ4 1/2 እስከ 5 ኢንች እመርጣለሁ።

ዛቢያህን ለማግኘት ምንም መሣሪያ አትግዛ። የምትገምትበት ቦታ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፍ፣ ጓደኛህ ከጎን በስልክ ይቅረጽህ። ፕላስተሩ ክብ እየሠራ ከዞረ አላገኘኸውም፣ ቦታውን ቀይር። ባለበት ከተሽከረከረ እሱ ነው። በኪራይ ኳስም ግምቱን ታገኛለህ።

ቶርኖ ቤት ይበሱልኛል ወይ ላልከው፣ ይበሱልሃል፣ ግን አጠገባቸው ቁም። የአውራ ጣቱን ቀዳዳ ጠበብ አስደርገህ በብርጭቆ ወረቀት አስፋው። ሰፍቶ ከተበሳ አጥብቀህ መጨበጥ ትጀምራለህ፣ አጥብቀህ የጨበጥከውን ኳስ ደግሞ የትኛውም አበሳስ አያድነውም። የድሮ ቪዲዮዎች ላይ የምታየውን ጣት የማይገባበት ተጨማሪ የሚዛን ቀዳዳ እርሳው፣ የአሜሪካው የቦውሊንግ ኮንግረስ ከኦገስት 2020 ጀምሮ ከልክሎታል። እና በአዳማ ፀሐይ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዳትተዋት፣ ትሰነጠቃለች።

ያቺ ኳሴ እስካሁን አለች። አሥሩንም ፒኖች (የሚጣሉትን ጠርሙስ መሰሎቹን) ለመምታት ሌላ አስበስቻለሁ፣ ጥግ ላይ አንዲቷ ብቻዋን ስትቀር ግን እሷን ነው የማነሳው። ቀጥ ብላ ሄዳ ትጥላታለች።