«ከእኔ ስንት ሊትር ይወጣል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አስከሬን ማቃጠያዎች አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። የመጡት ጥያቄዎች እኛ ከጠበቅነው ሌላ መንገድ ያዙ። የቀልዱን በቀልድ፣ የቁጥሩን በቁጥር መልሰናል።

ጥያቄ፦ ማደያ ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሜ ሳሰላስል ነዳጅ ከሚያልቅ ሰው ቢያልቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ለመሆኑ ከእኔ ስንት ሊትር ይወጣል? 70 ኪሎ ነኝ። (ሰልፈኛው፣ ከመገናኛ)

መልስ፦ ከ70ው ኪሎ 42 ያህሉ ውሃ ነው። 12 ኪሎ ገደማ ስብ፣ 11 ኪሎ ገደማ ፕሮቲን ይኖርዎታል፤ ከቀረው አብዛኛው የአጥንት ማዕድን ስለሆነ አይነድም። አንድ ኪሎ ስብ ሲነድ ወደ 38 ሜጋ ጁል (የኃይል መለኪያ ነው)፣ አንድ ኪሎ ፕሮቲን ወደ 23 ሜጋ ጁል ይሰጣል። ሲደመር 700 ሜጋ ጁል መሆኑ ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን 33 ገደማ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ እርስዎ 21 ሊትር ነዎት። ጄሪካን ሞልቶ ትንሽ የፈሰሰ።

ነገር ግን ያንን 42 ኪሎ ውሃ አሙቆ ለማትነን ብቻ 110 ሜጋ ጁል ይጠፋል፤ ወደ 18 ሊትር ወረዱ። እሱም ቢሆን በክብሪት የሚያያዝ አይደለም። «በደረቁ ጦስ እርጥቡ ይቃጠላል» ይባል የለ? እዚህም እርጥቡ እንዲነድ ደረቁን የሚያቀርበው ሌላ ሰው ነው፤ ለዚያውም በገንዘቡ።

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የድንኳኑና የንፍሮው ወጪ ከአቅማችን በላይ እየሆነ ነው። አስከሬኑ ተቃጥሎ ሙቀቱ ቢሸጥ እድሩ ያተርፍ ይሆን? ስሜን አደራ እንዳታወጡት፤ ይሽሩኛል።

መልስ፦ ይከስራል። ማቃጠያው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው አስከሬኑና ሳጥኑ ይነዳሉ። የሚወጣው ጭስ ወደ ሁለተኛው ይገባና በ850 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ 2 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ሳይነድ ያመለጠው ጋዝና ሽታው እዚያ ያልቃል። ያንን ክፍል እንደጋለ የሚያቆየው የጋዝ በርነር ነው። በእንግሊዝ አገር ለአንድ አስከሬን የሚገመተው ጋዝ 285 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ማለትም ከ1,000 ሜጋ ጁል በላይ። የሟቹ ድርሻ 600 ሆኖ የጋዙ 1,000 ከሆነ፣ ሙቀቱን አሟጣችሁ ብትሸጡ እንኳ ከግማሽ በላዩ የገዛችሁትን ጋዝ መልሶ መቸርቸር ነው።

ሂሳቡ የሚሻሻለው ሥራ ሲበዛ ነው። የምድጃው ውስጥ በወፍራም እሳት ቻይ ጡብ የተለበጠ ስለሆነ፣ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰኞ ጠዋት ጋዙን መጀመሪያ የሚጠጣው ጡቡ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው አስከሬን ሲገባ ግን ጡቡ ራሱ ግሏል፤ ስቡ መንደድ ሲጀምር ሠራተኛው በርነሩን ቀንሶ አየር ይለቃል። አየሩ ካነሰ ጥቁር ጭስ በማውጫው ይወጣል፣ ጎረቤትም ይጮሃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ ወፍራሙን ሟች በጠዋት ነው የሚያስገባው። ከሰዓት በኋላ በጋለ ጡብ ላይ ቢገባ ስቡ ባንዴ ይቀልጥና እሳቱ ከቁጥጥር ይወጣል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ2012 በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ 200 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ሴት ሲቃጠሉ ስቡ የጭስ ማጣሪያውን ደፍኖ ማቃጠያው እሳት ተነሥቶበት ነበር።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለው ሟች ካለ መሣሪያው መውጣት አለበት። ባትሪው በጥብቅ የታሸገ በመሆኑ ሲግል ይፈነዳል፤ ጡብ ይሰነጥቃል፣ በር ያበላሻል። ፍንዳታ ከነዳጅ የምንፈልገው ነገር ቢሆንም እንዲህ ያለውን አይደለም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ የምትኖር እህቴ «ሬዲች የሚባል ከተማ የመዋኛ ገንዳው በሬሳ ይሞቃል» ሲባል ሰምታ ልጆቿን ማስዋኘት ልትተው ነው። እሷ ያለችው ሌላ ከተማ ነው፤ ቢሆንም ፈርታለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ገንዳውም ማቃጠያውም እውነት ናቸው። ሁለቱም የከተማው ምክር ቤት ንብረት ናቸው፤ ደግሞም ጎረቤታሞች ናቸው። ሙቀቱ ከጭሱ የተወሰደበት የመጀመሪያ ምክንያት ግን መዋኘት ሳይሆን ጥርስ ነበር። በአሮጌው ዘዴ የተሞላ ጥርስ ሜርኩሪ አለበት፤ ሲቃጠል በጭሱ ይወጣል። ማቃጠያዎች እስከ 2012 መጨረሻ ልቀቱን በግማሽ እንዲቀንሱ ታዘዙ። ሜርኩሪውን የሚይዘው የካርቦን ማጣሪያ ደግሞ 800 ዲግሪ የሆነ ጭስ አይችልም፤ መጀመሪያ ወደ 160 አካባቢ መቀዝቀዝ አለበት። የተቀነሰውን ሙቀት ወይ ወደ ሰማይ ትለቀዋለህ፣ ወይ ትጠቀምበታለህ። ሬዲች ከ2013 ጀምሮ ወደ ገንዳው ላከችው። ሲታቀድ በዓመት 14,500 ፓውንድ ያድናል ተብሎ ተገምቶ ነበር።

እህትዎ የመኪናቸውን ማሞቂያ ያስቡ። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ ወደ ጋቢና አይረጭም፤ ሙቀቱ ብቻ በብረቱ ያልፋል። እዚያም ጭሱ በቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ያሞቃል፣ ያ ውሃ ደግሞ በሌላ ብረት አልፎ የገንዳውን ያሞቃል። ልጆቹን የሚያሞቃቸው ሟቹ ሳይሆን በአብዛኛው ያው ጋዝ ነው። የዴንማርክ የሥነ ምግባር ምክር ቤትም በ2006 ሙቀቱን መጠቀም ነውር የለበትም ብሏል።

ጥያቄ፦ የግብፅ ባቡር በሙሚያ፣ በዚያ በደረቀው የጥንት ሬሳ፣ ይነዳ ነበር የሚባለው?

መልስ፦ አንድ አሜሪካዊ ቀልደኛ ጸሐፊ በ1869 የጣላት ቀልድ ናት። ሰው ሁሉ አመናት።

ጥያቄ፦ ቦርጭ አለኝ። ስቤ ተመጥጦ ናፍጣ ቢሆን ዶልፊኔን አያስነዳም? (ሹፌር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ያስነዳል። የኒውዚላንዱ ፒት ቤቱን በባዮዲዝል (ከዘይትና ከስብ በሚሠራ ናፍጣ) ለምትሄድ ፈጣን ጀልባው የራሱን ስብ አስመጥጦ ነበር፤ የወጣው ግን ወደ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በ2008 ዓለምን በ61 ቀን ገደማ የዞረችበት ነዳጅ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ መምጣቱን መገመት አያቅትም።

አሠራሩ ከበግ ጮማ ወይም ከቺፕስ ዘይት አይለይም። ስቡ ይቀልጣል፣ ይጣራል፣ ውሃው እስኪያልቅ ይሞቃል። ለአንድ ሊትር ስብ 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ተለክቶ በ55 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይማሰላል። ከ65 ካለፈ ሜታኖሉ ይተናል፤ ትነቱ መርዝ ነው፣ እሳትም ይይዛል። ሲረጋ ግሊሰሪኑ ከታች ይዘቅጣል፣ ነዳጁ ከላይ ይንሳፈፋል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፦ ውሃ ከቀረበት ወይም ስቡ ከቆየና ከሻገተ ሶዳው ስቡን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ በርሜል ሙሉ ዝልግልግ ይዘው ይቀራሉ።

ከ12 ኪሎ ስብ ሁሉ አይወጣም፤ አንጎልዎም ስብ አለበት። 11 ሊትር ቢቀልጥ 10 ሊትር ነዳጅ ይሆናል። ዶልፊንዎ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ከበላ፣ ከአዳማ አዲስ አበባ ይገባሉ። ለመመለሻው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ከስብ የተሠራ ናፍጣ በብርድ ይረጋል፤ አዲስ አበባ ካደሩ ጠዋት ፊልትሮው ተደፍኖ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ሳንሞት የሚሆን ነገር የለም?

መልስ፦ አለ። የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። የስቶክሆልም ዋና ባቡር ጣቢያ በቀን 250,000 ሰው ገደማ ስለሚያልፍበት፣ የአየር ማስወጫው ሙቀቱን ለውሃ ያስተላልፍና ውሃው በቱቦ ሄዶ አጠገቡ ያለውን ኩንግስብሮሁሴት የተባለ የቢሮ ሕንፃ ያሞቃል።

ኤሌክትሪክ ከፈለጉ ግን ላብ ያስፈልጋል። ደህና ፔዳል የሚመታ ሰው ለረጅም ሰዓት የሚሰጠው 75 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ስለሚስብ፣ እሱን ለማጋል 50 ሰው ገደማ ፔዳል ላይ መውጣት አለበት። በሰዓት 25 እንጀራ ቢወጣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ይደርሳቸዋል። ወጡ ገና አልተጣደም።