ዝናብ ሲነካት የምትጠፋ ሞተር

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወንጪ ድንኳን ተክለን ለማደር ወጥተን ነበር። ሞተሬ ካርቡራቶር ያላት 150 ሲሲ የህንድ ሥራ ናት። ተፍኪን እንዳለፍን ዝናቡ ጣለና ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ድንገት ጠፋች። ሰው በረንዳ ላይ ተጠልለን ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ስሞክራት ተነሣች። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ ደገመችው። አዲስ አበባ ስመለስ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ሲዲአይ ቀይር አሉኝ፣ ቀየርኩ። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ናት። ድንኳናችንም ዝናብ ሳያስገባ ውስጡ ረጥቦ አደረ። ነሐሴ ላይ መድገም እንፈልጋለን፤ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሲዲአዩ ነገር አናዶኛል። ሲዲአይ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው። ሲዲአይ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ አይጠብቅም። ፀሐይ ላይም ያጠፋሃል፣ ሲግልም ያጠፋሃል። ዝናብ ጠብቃ የምትጠፋና ስትደርቅ ምንም እንዳልሆነች የምትነሣ ሞተር ግን በሆነ ቦታ ውሃ እየነካት ነው። ያንን ቦታ ሳይፈልግ ዕቃ ቀይር የሚል ሰው በአንተ ገንዘብ እየገመተ ነው።

እኔ እንዲህ ያለች ሞተር ስትመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እንዴት ጠፋች? ቁልፉን እንደዘጋኸው ቀጥ ብላ ነው ወይስ እየተንገዳገደች፣ ነዳጅ ስትሰጣት እምቢ እያለች፣ ቀስ በቀስ እየሞተች? ቀጥ ካለች አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። ከተንገዳገደች አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ወይም አየር ነው። አንተ «ድንገት» ብለሃል፤ ስለዚህ ከኤሌክትሪኩ እንነሣ። ነዳጁንም ግን አልተወውም፣ ምክንያቱም ዝናብ ላይ የተጨነቀ ሰው አጠፋፏን በትክክል አያስታውስም።

መንገድ ላይ ስትጠፋ ቁልፉን ሳትዘጋ ክላክሱን ንካው። ዝም ካለ ከካንዴላ (ኢንጂኑ ውስጥ ብልጭታ የምትሰጠው ዕቃ) ጋር አትታገል፤ የቁልፉን ቤት፣ ፊውዙንና የባትሪውን ጫፎች እይ። የቁልፉ ቀዳዳ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ዝናብ በቀላሉ ይገባዋል። ክላክሱ እየጮኸ ኢንጂኑ ካልተነሣ ደግሞ ጥርጣሬዬ ከቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) እስከ ካንዴላው ባለው መስመር ላይ ነው። እጀታው ላይ ያለው የማጥፊያ ማብሪያም ውሃ ከገባው ያው ጠባይ ያሳያል፤ ደጋግመህ ወዲያና ወዲህ ስታደርገው ከተነሣች እሱ ነው።

አሁን ቤትህ ሆነህ የምትሠራውን ሙከራ ልንገርህ። ምንም አያስወጣህም። ማታ ግቢ ውስጥ መብራቱን ሁሉ አጥፋ። በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ እንዳታደርገው፣ የሞተር ጭስ ይገድላል። የቤንዚን ሽታ ካለም ተወው፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ አስተካክል። ሞተሯን አስነሣትና ለልብስ መተኮሻ በሚያገለግል መርጫ፣ ከቦቢናው ጀምረህ በወፍራሙ ገመድ በኩል እስከ ካንዴላው ኮፍያ ድረስ ጤዛ የመሰለ ውሃ ቀስ እያልክ እርጭ። አትቸኩል። ጨለማው ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ክር የመሰለ ብልጭታ ከኮፍያው ወይም ከገመዱ ወደ ኢንጂኑ ብረት ሲዘል ታያለህ፤ ጠ ጠ ጠ የሚል ድምፅም አለው። ወዲያው ኢንጂኑ ይንገዳገዳል ወይም ቀጥ ይላል። የምትፈልገው ቦታ ያ ነው። እጅህን ግን እንዳታስጠጋ፣ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ብልጭታው ከኮፍያው ከሆነ ነቅለህ ውስጡን በእጅ ባትሪ እየው። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካየህ ኤሌክትሪኩ መንገድ ሠርቶበታል ማለት ነው። ያንን አጥቦ ማዳን አይቻልም፤ ኮፍያውን ቀይረው፣ ከሲዲአይ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው። ገመዱ ትርፍ ርዝመት ካለው ጫፉን ግማሽ ሴንቲ ያህል ቁረጥና ንጹህ ሽቦ ላይ አዲሱን ኮፍያ አጥብቀህ አዙረው። ከዚያ የጎማውን ከንፈር የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀባው። የካቴና ግራሶ አይሆንም፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። ገመዱ ራሱ ከተሰነጣጠቀ ናስትሮ ለአንድ ጉዞ ያደርስሃል እንጂ መፍትሔ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተርህን ላቫጆ የምታሳጥብ ከሆነ በዚያ ኃይለኛ ውሃ ካንዴላውንና የገመድ መገጣጠሚያዎቹን እንዳይመቱብህ ቆመህ ተከታተል። ከጉዞ በፊት ባለው ቀን «ላሳምራት» ብለው አሳጥበው መንገድ ላይ የሚቀሩ ብዙ ናቸው።

ብልጭታ ካላየህ ወደ ነዳጁ እንሂድ። የነዳጅ ታንኩ ላይ ፕላስቲክ ወይም ሻንጣ አስረህ ነበር? ለካምፒንግ የሚወጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያደርገዋል። የታንኩ ክዳን ላይ አየር የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ቀዳዳው በፕላስቲክ ወይም በጭቃ ከተደፈነ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሄዳ ትሞታለች፣ ስትቆም ቀስ ብሎ አየር ያገኛልና እንደገና ትነሣለች። ከአንተ ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አየህ? ስትጠፋ ክዳኑን ክፈተው። ፉት ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሣች ችግሩ እሱ ነው።

ውሃ ቤንዚኑ ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ካርቡራቶሩ ከሥሩ ማፍሰሻ ቡሎን አለው። ኢንጂኑ ቀዝቅዞ እያለ ፈታ አድርገውና ጥርት ባለ የውሃ ጠርሙስ ተቀበለው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርገው እንደ ዶቃ ሲንከባለል ታየዋለህ። አንድ ጠብታ እንኳ ካየህ ታንኩንም አፍስሰህ አጽዳ፣ የክዳኑን ጎማም እየው። ብዙ ሞተሮች ክዳኑ ዙሪያ የሚጠራቀመውን ዝናብ ወደ ታች የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ አላቸው። እሱ በአቧራ ሲደፈን ውሃው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ወደ ታንኩ ይገባል። በቀጭን ሽቦ ጥረገው።

ከወሊሶ ወደ ወንጪ ስትወጣ ደግሞ ጉልበቷ ቢቀንስ አትደንግጥ። ወሊሶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የወንጪ አፋፍ ግን ከ3,000 ይበልጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራቶር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ የለመደውን ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ ትታፈናለች። ማርሽ ቀንስና በእርጋታ ውጣ። ዳገት ላይ ቆመህ የካርቡራቶር ቡሎን እንዳትነካ፣ ስትወርድ ትቸገራለህ።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከተፍኪ ጀምሮ ያለው የበቾ ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው። ከአስፋልቱ ወርደህ ዝናብ የጠጣው መረሬ ውስጥ ከገባህ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ይጠቀጠቃል፣ ጎማው መዞር ያቅተዋል። በኃይል አትታገለው፣ ፍሪሲዮኑን ታቃጥላለህ። ቆመህ በእንጨት ጎልጉለው። ውሃ ከተሻገርክ በኋላ ደግሞ ፍሬኑን ጥቂት ሜትር በስሱ እየያዝክ ሂድ። የረጠበ የኋላ ፍሬን እስኪደርቅ ድረስ አይዝም፣ ይህንን ቁልቁለት ላይ ማወቅ የለብህም።

ወደ ድንኳኑ ልምጣ። እኔም ዓመታት ድንኳን ውስጥ ስላደርኩ ያንተን ሌሊት አውቀዋለሁ። ያረጠባችሁ ትንፋሻችሁ ነው። ሦስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ፣ ውጪው ብርድ ሲሆን፣ እንፋሎቱ ሸራውን ሲነካ ውሃ ይሆናል። ዝናብ ፈርታችሁ ዚፑን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ይሆናል። ከላይ ያለውን የአየር መግቢያ ክፈቱት፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ዚፑንም አንድ ስንዝር ተዉት። የውጪው ሸራ የውስጡን እንዳይነካ ገመዶቹን ወጥሩ። ከሥር የምታነጥፉት ፕላስቲክ ከድንኳኑ ጠርዝ ወጣ ካለ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል፤ ወደ ውስጥ እጠፉት። የረጠበ ልብስና ጫማም ውስጥ አታሳድሩ።

ይህንን ግን በጣም አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ ምንም ቢበርዳችሁ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። «ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚባለው ነው የሚገድለው። ፍሙ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፣ አይነቃም። ዚፑን ከፍተናል ማለትም አያድናችሁም። ከምትለብሱት በላይ አንድ ደረቅ ሹራብና ካልሲ ለሌሊት ብቻ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ፕላስቲኩን ከቦርሳው ውጪ ሳይሆን ከውስጥ አድርጉት፤ የውጪው በንፋስ ይቀደዳል።

ድንኳኑን ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ አጠገብ አትትከሉ፣ ገላጣ አፋፍ ላይና ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥርም አትትከሉ። ነሐሴ ላይ መብረቁ ቀልድ አያውቅም። በክረምት ደጋው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ፣ እስከ 6 ሰዓት ድንኳኑ ተተክሎ ይለቅ።

ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ የጨለማውን ሙከራ ሥራው። ኮፍያ ወይም ገመድ መግዛት ካስፈለገ ጊዜ ይኖርሃል። ብልጭታው የቱ ጋ እንደታየህ ጻፍልኝ፤ ምንም ካላየህም ጻፍልኝ፣ ክላክሱ ጮኾ እንደሆነ ጨምረህ።