መልስ፦ የድሮውን ፕሌይስቴሽን ሸጬ አዲስ ልግዛ?

«ፕሌይስቴሽን 2ዬን ሸጬ አዲስ ኮንሶል ልግዛ ወይ?» ላልከው፣ አትሽጠው ወንድሜ። እኔ ጂማ መርካቶ አካባቢ ጌም ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። የተሸነፈ ይነሳል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁላችንም ተነሳን። ያኔ ዲስኩን ከከተትክ በቃ፣ ጌሙ ሙሉ ነው፤ ሜሞሪ ካርዷም በ8 ሜጋባይት የሊጉን ውጤት ሁሉ ታስቀምጥልህ ነበር። አሁን አንዳንዱ ጌም ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፣ በእኛ ኢንተርኔት እሱን እስክታወርድ ክረምቱ ያልቃል (የጂማን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ)።

ግራፊክሱ ያምራል፣ አልዋሽህም። የሚያናድደኝ ከፍለህ ከገዛኸው በኋላ እንደገና ኪስህን መዳበሱ ነው። በአዲሶቹ የኳስ ጌሞች ጥሩ ተጫዋች ለማግኘት ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቀውን ፓኬት ትገዛለህ። ይሄ ሎተሪ እንጂ ኳስ አይደለም፤ ቤልጂየም እኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላዋለች። ሌላው የኳስ ጌም ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከርም በ2021 ኢፉትቦል ተብሎ ነፃ ሆነ፣ ግን ሲወጣ ገና ጥሬ ነበር።

ብር ከተረፈህ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከነዲስኩ ፈልግ። ጆይስቲኩን ግን ሳትሞክር እንዳትከፍል። እኔ ሳልሞክር የገዛሁት አጥቂዬን ሁሌ ወደ ግራ ይወስደዋል።