የሚሸሽ ወንበዴን ገጭቶ መጣል ራስን መከላከል ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የሕግ ዓምድ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነው የሚሠራው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከመርካቶ ሁለት ልጆች በኮንትራት ወደ ቆጪ ውሰደን ይሉታል፣ መብራት የሌለበት ጋ ሲደርሱ አንደኛው ከኋላ ጩቤ አንገቱ ላይ አድርጎ ሌላኛው የቀኑን ገቢና ስልኩን ወሰደበት። ከዛ ወርደው ሲሮጡ ወንድሜ ባጃጁን አዙሮ ተከተላቸውና አንዱን ከኋላው ገጨው፣ ልጁ እግሩ ተሰበረ። አሁን ወንድሜ በአካል ጉዳት ተከሶ በዋስ ነው ያለው፣ እናታችንም እንቅልፍ አጥታለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የወንበዴ ደም ደመ ከልብ ነው ምንም አይሆንም ይለናል። ራሱን ነው እኮ የተከላከለው፣ አይደል?
እህቱ ነኝ

መልስ፦ እህቴ ከሁሉ በፊት እንኳን ወንድምሽ በሕይወት ተረፈ። ሳላድበሰብስ ልንገርሽ፣ የሰፈሩ ሰው የሚላችሁን አትመኑ። በኛ ሕግ ደሙ ደመ ከልብ የሆነ ሰው የለም፣ ወንበዴም ቢሆን። ግን ወንድምሽ አለቀለት ማለት አይደለም፣ ብዙ የሚባል ነገር አለው፣ በትክክል ከተባለለት።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ነገር አለ። በአጭሩ በራስህ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሕገወጥ ጥቃት እየደረሰ ከሆነ ወይም ሊደርስ አፋፍ ላይ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ማምለጥም ካልተቻለ፣ የወሰድከው እርምጃ ደግሞ ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ አትቀጣም ነው የሚለው። እና ጩቤው አንገቱ ላይ እያለ ወንድምሽ በክርኑ ልጁን ቢለው፣ መፍቻ አንስቶ ጭንቅላቱን ቢመታው፣ ባጃጁን ሆን ብሎ ቱቦ ውስጥ ከቶ ቢገለብጠውና ልጁ ያኔ እግሩ ቢሰበር እኔ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ነበር። አንገቱ ላይ ስለት ያለበት ሰው ምን አማራጭ አለው? ሕጉም በሚዛን አስቀምጦ ጩቤ በጩቤ፣ ዱላ በዱላ ይሁን አይልም፣ ዳኛው የሚያየው በዛች ሰከንድ ሰውየው የነበረበትን አደጋ ነው።

ችግሩ ያለው ከወረዱ በኋላ ነው። ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው እየሮጡ ነው፣ እሱ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ አልጠፋም፣ ወደ ከተማ የሚመልሰው መንገድ ክፍት ነው። እዚህ ጋ አቃቤ ሕግ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ምን ጥቃት ቀርቶ ነበር የተከላከልከው? መልሱ "ተናድጄ ነው" ከሆነ ያ ብቀላ ነው፣ ሰው ሊረዳው የሚችል ብቀላ፣ ግን ሕጋዊ መከላከል አይደለም። አንቀጽ 555 ላይ ያለው ከባድ የአካል ጉዳት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ነው፣ ስለዚህ እንደ ቀልድ የሚታይ ክስ አይደለም። እግዚአብሔር ጠብቆት እንጂ ልጁ ሞቶ ቢሆን ደግሞ ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1148 ንብረቱን በጉልበት የተነጠቀ ሰው እዛው ወዲያውኑ፣ ነጣቂው እየሸሸ እያለም ቢሆን ተከትሎ ማስመለስ ይችላል ይላል። ስለዚህ ወንድምሽ መከተሉ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዙት። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ወንጀለኛ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብም ለማንም ሰው የተፈቀደ ነው። ያው አንቀጽ 1148 ግን ሁኔታው የማይጠይቀውን ኃይል አትጠቀም ይላል። ቀድሞ መንገድ መዝጋት፣ ጮኾ ሰው መጥራት፣ ይዞ ማስጣል ይቻላል። በሦስት እግር መኪና ከኋላ ገጭቶ መጣል ግን ለአንድ ስልክና ለአንድ ቀን ገቢ በዛ የሚል ዳኛ ብታገኙ አይገርመኝም፣ እኔም ብሆን በዛ ነው የምለው።

አሁን ወንድምሽን ብቻውን ቁጭ አድርጊውና ቀስ ብለሽ ጠይቂው። ጩቤ የያዘው የትኛው ነበር፣ የተገጨው ነው ሌላኛው? ብሩስ ማን ጋ ነበር? ሲከተላቸው ዞሮ ጩቤውን አሳይቶታል ወይ? ድንጋይ ወርውረውበታል ወይ? ከወረዱበት እስከ ገጨበት ድረስ ስንት ሜትር ነው? ልጁ ጩቤውን ይዞ ዞሮበት ከነበረ ጥቃቱ አላበቃም ማለት ነው፣ እና ወደ 78 እንመለሳለን፣ ቢያንስ ደግሞ ወደ 79። አንቀጽ 79 የሚለው ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፣ ያለፈውም ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መናወጥ ከሆነና ይቅር የሚያስብል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከነጭራሹ ላይቀጣው ይችላል። ከአንድ ደቂቃ በፊት ስለት አንገቱን የነካው ልጅ እጁ እየተንቀጠቀጠ መሪ ሲይዝ ምን ውስጥ እንደነበር ለዳኛ ማስረዳት የሚቻል ነገር ነው። ጥቃቱ ሙሉ በሙሉ አብቅቶ ነበር ቢባል እንኳ አንቀጽ 82 አለ፣ በከባድ ትንኮሳ ተነሳስቶ፣ በንዴትና በስሜት ግፊት ያጠፋ ሰው ቅጣቱ የሚቀልበት።

የምፈራላችሁ ነገር ግን አለ። መቼም አንዱ "ጨለማ ነበር አላየሁትም በል፣ የትራፊክ አደጋ አስመስለው" ብሎ መክሮታል፣ እንዲህ ዓይነት ምክር በየሰፈሩ አይጠፋም። እባክሽ እህቴ እንዳያደርገው! ውሸት ከመሆኑም በላይ ራሱን ነው የሚያስረው፣ ምክንያቱም አላየሁትም ያለ ሰው ተመልሶ ከሱ ራሴን ስከላከል ነበር ማለት አይችልም። ፈርቼ ነበር የሚለውንም፣ ተናድጄ ነበር የሚለውንም አብሮ ይጥለዋል። ባጃጁ ዞሮ የሄደበት የጎማ አሻራ ወይም አንድ የሱቅ ካሜራ ካለ ደግሞ ከዛ በኋላ እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው የለም።

ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ጠበቃ ያናግር፣ ዝም የማለት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተቀመጠ ነው። ቃሉ የሚመዘገበው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን ቢሰማም የሕግ ቃል ሌላ ነውና፣ ካልገባው ተተርጉሞ ይነበብልኝ ይበል፣ ሳይገባው አይፈርም። ችሎት ላይም አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ መጠየቅ መብቱ ነው፣ አንቀጽ 20። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዛ ሂዱ።

አንገቱ ላይ ጭረት አለ? ካለ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሄዶ የሕክምና ማስረጃ ይያዝለት፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፉት፣ ቁስል ይድናል፣ ከዳነ በኋላ ጩቤ ነበር ብትሉ ቃል ብቻ ነው የሚሆነው። አንገቱ ላይ ደም የነካው ሸሚዝ ካለም እናታችሁ እንዳታጥበው። ሌላው የዝርፊያውን አቤቱታ ለብቻው ማስመዝገብ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ በክሱ ተደናግጦ ይሄን ይረሳዋል። የልጁ እግር መሰበሩ የሠራውን አያጥብለትም፣ በጩቤ አስፈራርቶ መዝረፍ ከባድ ውንብድና ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 671፣ እሱም ለብቻው ይጠየቅበታል፣ ያመለጠውም ይፈለጋል።

አንድ ያልጻፍሽልኝ ነገር፣ ወንድምሽ ልጁን ከገጨው በኋላ ምን አደረገ? ቆሞ ሰው ጠርቶ፣ ወይ ራሱ ጭኖ ሐኪም ቤት አድርሶት ከሆነ ይሄ በጣም ይጠቅመዋል፣ ጠበቃው መጀመሪያ እንዲናገረው አድርጉ። ጥሎት ሄዶ ከሆነ ግን አንቀጽ 575 አለ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ስለዚህ ለጠበቃው ሳይደብቅ ይንገረው።

ጥያቄ፦ የቡና ነጋዴ ነኝ፣ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ። አሁን ወቅቱ ስለሆነ መጋዘኔ ጀንፈል ሞልቷል። ሌሊት ሰብሮ የገባ ሌባ ላይ ብተኩስ እጠየቃለሁ?
ከአጋሮ መንገድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 የያዙት ፈቃድ መሣሪያውን ለመያዝ እንጂ ሰው ላይ ለመተኮስ አይደለም። ንብረትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የሚጠበቅ መብት ነው፣ ሌባን ማባረር፣ መያዝ ይችላሉ፣ ግን ሕጉ የሚጠበቀውን ነገር ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ስለሚመዝን ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥን ሰው ተኩሰው ቢጥሉ ራሴን ተከላከልኩ ማለት ይከብድዎታል። ገጀራ ይዞ ወደ እርስዎ ወይ ወደ ጥበቃዎ ከመጣ ነገሩ ቡና መሆኑ ቀርቶ ሕይወት ይሆናል፣ ያኔ ሌላ ነው። እስከዛ መጋዘኑ ደጅ ላይ ጥሩ መብራት ያድርጉ፣ ጥበቃው ፊሽካ ይያዝ፣ የጎረቤት መጋዘኖችና የፖሊስ ጣቢያው ስልክ እጁ ላይ ይኑር። የግድ ሆኖ ከተተኮሰም ቀለሃውን አያንሱ፣ የተሰበረውን በር አይጠግኑ፣ የተጎዳ ሰው ካለ ሐኪም ቤት ያድርሱ፣ ሌላው ሁሉ ፖሊስ እስኪያየው ባለበት ይቆይ።