ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ቃሬዛው ላይ ተኙ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ አሮጌ አምቡላንስ በጨረታ ተገዝቶ ደብረ ብርሃን ያለው ጋራዣችን ገብቷል። ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ነው፤ ፊቱ በሞላ (በተጠማዘዘ ስፕሪንግ)፣ ኋላው በባሌስትራ (በተደራረቡ ተጣጣፊ ብረቶች) የቆመ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ (አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ። ገንዘቡን ያዋጡት ከመንዝ የመጡ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ታማሚ ከመንደራቸው እስከ ዋናው መንገድ እንዲያወርድላቸው ይፈልጋሉ። መኪናው እያጨሰ ግቢ ሲገባ ወጣቶቹ ከበቡት። አንዷ «ባሌስትራ ጨምረን ከፍ እናድርገው» አለች፣ ሌላው ትልልቅ ጎማ ተመኘ፣ ሌላው ጣሪያው ላይ ፓውዛ መደርደር ፈለገ። ስሜታቸውን አውቀዋለሁ። እኔም በ1974 ዓ.ም. ጋራዥ በረዳትነት ስቀጠር ከላንድሮቨር የበለጠ የሚያምር ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እንደ እነሱ አሮጌ ባለ ፎር ዊል አንስታችሁ ለገጠር መንገድ ልታዘጋጁ ላሰባችሁ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፍሬኑን ሠርታችሁ አስተማማኝ ካደረጋችሁ በኋላ፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ፣ ከኋላ ቃሬዛው ላይ በጀርባችሁ ተኙ፤ በቀበቶ ታሰሩና ሌላ ሰው በኮረኮንች ይንዳችሁ። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ይህን ያስተማረኝ የጀማ ሸለቆ ነው። በ1989 ዓ.ም. ለአንድ አምቡላንስ የኋላ ባሌስትራ ላይ በየጎኑ አንድ አንድ ብረት ጨመርኩ። ከአሽከርካሪው ጋር የተስማማነው ድንጋይ እንዳይነካው ከፍ ይበል ብለን ነው፤ ከፍም አለ፣ ሲያዩትም ያምር ነበር። በሳምንቱ ለሌላ ብልሽት ዓለም ከተማ ወርጄ ስመለስ፣ በዚያው መኪና ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት ይዘን ወጣን። ከሲስተሯ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ባዶ ሊባል ምንም ያልቀረው መኪና ለጭነት በተሠራ ባሌስትራ ላይ በእያንዳንዷ ድንጋይ ወደ ላይ ይነጥራል። እናቲቱ እጄን ይዛ ነበር፤ በየድንጋዩ ስትጨብጠኝ እኔ የጨመርኩት ብረት መሆኑን አውቅ ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። በማግስቱ ብረቶቹን ፈታሁ።

ባሌስትራ የሚሠራው በሚሸከመው ክብደት ልክ ሲተጣጠፍ ነው። አምቡላንስ የሚጭነው አንድ ታማሚ፣ አንድ ነርስ፣ ሁለት አስታማሚና ጥቂት ዕቃ ነው። ለእህል ጭነት የተጨመረ ብረት በዚህ ክብደት አይታጠፍም፤ ብረቱ ያላበረደውን ምት የሚቀበለው የታማሚው ጀርባ ነው። የመንዝ ሰዎች በቃሬዛ ታማሚ ሲያወርዱ አይታችኋል? ፊትና ኋላ ያሉት እርምጃቸውን ያስማማሉ፣ ቁልቁለት ሲደርሱ የፊተኞቹ ክንዳቸውን ከፍ፣ የኋለኞቹ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ትከሻ የደከመው ሳይቆሙ ይለወጣል። ታማሚው እንደተኛ ነው። ከመኪናችሁም የሚፈለገው ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰነጠቁትን የባሌስትራ ብረቶች ለዩ፣ በብረቶቹ መካከል ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሱ፣ የተበሉትን ቡሽ (በመጋጠሚያዎቹ ያሉትን ጎማዎች) ለውጡ፣ ዘይት ያፈሰሰ ሾክ አብዞርበር ጣሉ። ብዙ ጊዜ «ወረደ» የተባለ መኪና ይህ ብቻ ሲደረግለት ቀና ይላል።

ጎማም የባሌስትራ ግማሽ ሥራ አለበት። 7.50 በ16 ባለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ ያለው) ጎማ አስፋልት ላይ 40 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ ኮረኮንች ላይ ቀስ ብሎ ለመሄድ ወደ 28 ገደማ አውርዱለት። ከዚያ በታች ካወረዳችሁ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና ካላማዳሪውን ከቫልቩ ሥር ይበጥሰዋል። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ የምትሞሉበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ከማንኛውም ፓውዛ ይበልጣል።

አሁን ወደ ወለሉ። አሮጌ አምቡላንስ ከሌላ መኪና የተለየ ዝገት አለው፤ ምክንያቱ በረኪና ነው። ደም ሲፈስ 0.5 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውህድ ይታጠባል፤ መታጠብም አለበት። ውህዱ ግን በፕላስቲኩ ምንጣፍ ስፌት ገብቶ ላሜራው ላይ ይተኛና ለዓመታት ይበላዋል። ከላይ ንጹሕ ሆኖ ከሥር በጣት የሚበሳ ወለል ብዙ አይቻለሁ። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አንሱ። በስቱኮ አትሸፍኑ፤ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ አዲስ ላሜራ በዩ፣ የጸረ ዝገት ቀለም ቀቡ፣ አዲሱን ምንጣፍ ጎንና ጎኑን ወደ ላይ አጥፋችሁ አንጥፉ። የሚነዱትንም በረኪናው ሥራውን ከሠራ በኋላ በንጹሕ ውኃ እንዲያለቀልቁ ንገሯቸው።

ከወለሉ ጋር የኋላው በር ማሸጊያ ጎማ ይታይ። መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጭስ ወደ በሩ ይሳባል፣ ጎማው ከደረቀ ወደ ውስጥ ይገባል። ከናፍጣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቤንዚን ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ደም ለጎደላት ሴት ጥቂቱም ብዙ ነው። ወረቀት በሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ጎትቱ፤ በቀላሉ ከወጣ እዚያ ላይ ጎማው አልያዘም። ዙሪያውን ሁሉ እንዲህ ሞክሩ።

ስለ ኦክስጅን ካነሳሁ፣ የዕድሜ ልክ ትምህርቴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ የኦክስጅን ሲሊንደር መቆጣጠሪያ ተጣብቆ አልዞር ቢለኝ ግራሶ ቀብቼ ልከፍተው ነበር። አንዲት ነርስ እጄን መትተው አስጣሉኝ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ130 ባር በላይ ግፊት አለው፤ ዘይት ወይም ግራሶ ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እንግዲህ እኛ እጃችን ከቅባት የማይለይ ሰዎች ነን። የሲሊንደሩን ማሠሪያ እኛ እንሥራ፤ መቆጣጠሪያውን ግን ንጹሕ እጅ ያለው፣ የተማረ ሰው ይንካው።

ጉልበት ለምትሉኝም። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ የሚያልፍበት ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይጎድላል። ብልሽት አይደለም፤ ሞተሩም እንደ ሰው አየር አጥሮት ነው። ወጣት መካኒክ ይህን ሳያውቅ የፖምፓውን (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) ቪት ይከፍትና ናፍጣ ይጨምራል። የሚያቃጥለው አየር የለምና ናፍጣው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩም ይግላል። ፖምፓውን እንደ ፋብሪካው አሠሩት፣ የአየር ማጣሪያውን ለውጡ፣ የታይሚንግ ቺንጋውን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማውን ቀበቶ) መቼ እንደተለወጠ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ዛሬ ለውጡ፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚለወጥ ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን የሚወርድ የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የያዘው ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንዴ ለውጡት፣ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ክረምት ወንዝ ለምትሻገሩ፦ የዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ማርሽ) መተንፈሻ በቱቦ ወደ ላይ፣ እስከ ኮፋኖው ከፍታ አውጡት። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ተጨማሪ መብራት ካሰራችሁ በፊውዝና በሪሌይ ይሁን። ቀይ መስቀል የተሣለበት ካለ ፋቁት፤ ዓርማው በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፣ በገዛ ፈቃድ አይለጠፍም። ሳይረኑም ፈቃድ እስኪገኝ ይፈታ።

ባለፈው ቅዳሜ የመንዞቹን መኪና ፍሬን ጨርሰን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወረድን። በየተራ ተኙ። «ባሌስትራ እንጨምር» ያለችው ልጅ የመጨረሻዋ ነበረች። ታች ደርሰን በሩን ስከፍት ምንም አልተናገረችም፤ ቀበቶውን ፈታ ወረደችና በጀርባዋ መኪናው ሥር ገባች። ስትቆጥር ይሰማኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይህኛው የፋብሪካው አይደለም፣ ሰው የጨመረው ነው» አለችኝ ከሥር ሆና። ቁልፍ አቀበልኳት። ቡሎኑ ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። ጋራዥ ተመልሰን ናፍጣ አጠጣነውና ለሰኞ አሳደርነው።